በግል ጀልባ ከአገር ወደ አገር ሲጓዙ ሰነድን አሰናድቶ የወደብ ባለሥልጣናትን ማነጋገር

በግል ጀልባ ከአገር ወደ አገር የሚጓዝ ሰው፣ ጀልባዋ የቱንም ያህል ትንሽ ብትሆን፣ በወደብ ባለሥልጣናት ፊት የሚቀርበው እንደ ተራ ጎብኚ ሳይሆን እንደ መርከብ ካፒቴን ነው። በአውሮፕላን የገባ መንገደኛ ፓስፖርቱን አሳይቶ ሲያልፍ ስለ አውሮፕላኑ ምዝገባ፣ ስለ ሠራተኞቹና ስለ ጭነቱ የሚጠየቀው አየር መንገዱ ነው። በጀልባ ሲገባ ግን እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የሚቀርቡት ለአንድ ሰው፣ ያውም ምናልባት ለቀናት በቂ እንቅልፍ ላላገኘ ሰው ነው። ጀማሪ ባሕረኞች ከሚያማርሩበት የወደብ ጣጣ አብዛኛው የሚመነጨው ከባለሥልጣናቱ ክፋት ሳይሆን ይህንን ኃላፊነት አስቀድሞ ካለማወቅ እንደሆነ አምናለሁ።

ጥያቄዎቹን የሚያቀርቡት በአብዛኛው አራት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ኢሚግሬሽን ሰዎቹን፣ ጉምሩክ ጀልባዋንና በውስጧ ያለውን ዕቃ፣ የጤናና የኳራንቲን ክፍል በሽታን፣ ምግብን፣ ዕፅዋትንና እንስሳትን፣ የወደብ አስተዳደር ደግሞ የጀልባዋን እንቅስቃሴና የወደብ ክፍያን ይመለከታሉ። በአንዳንድ አገር የአራቱም ሠራተኞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይገኛሉ፤ በሌላ አገር ቢሮዎቹ በየሰፈሩ ስለሚገኙ ካፒቴኑ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል። እንደ ማርቲኒክና ጓድሉፕ ባሉ የፈረንሳይ ካሪቢያን ደሴቶች ደግሞ ካፒቴኑ ራሱ በኮምፒውተር ፎርሙን ሞልቶ፣ አትሞና ማኅተም አስመትቶ ጉዳዩን ይጨርሳል። አሠራሩ ይህን ያህል ቢለያይም የሚጠየቀው ነገር ግን በጣም ተቀራራቢ ነው፤ ምክንያቱም አገሮች የሚጠቀሙባቸው የጠቅላላ መግለጫ፣ የባሕረኞች ዝርዝርና የስንቅ መግለጫ ፎርሞች በአብዛኛው መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ትራፊክ ማቀላጠፊያ ስምምነት ነው።

ወረቀቶቹ እርስ በርስ ይስማሙ

በወደቡ ቢሮ የተቀመጠው ሠራተኛ ጀልባዎን አያውቃትም፤ የሚያውቀው ወረቀቶቿን ነው። ሥራውም አንዱን ወረቀት ከሌላው ጋር ማመሳከር ነው። የምዝገባ የምስክር ወረቀቱ ላይ የጀልባዋ ርዝመት 11.98 ሜትር ተብሎ፣ ኢንሹራንሱ ላይ 12.20፣ ካፒቴኑ በሞላው ፎርም ላይ ደግሞ 12 ከተባለ፣ ለባለቤቷ ሦስቱም አንድ ጀልባ ቢሆኑም ለሠራተኛው ሦስት የተለያዩ ጀልባዎች ይመስላሉ። ስለዚህ ከማንኛውም ጉዞ በፊት የሚቀድመው ሥራ የምዝገባ የምስክር ወረቀቱን ዋና መነሻ አድርጎ ሌሎቹን ሰነዶች በሙሉ በእርሱ ማስተካከል ነው። ካፒቴኑ በሕሊናው የሚያውቀው ትክክለኛ ልኬት ሌላ ቢሆን እንኳ በየፎርሙ የሚጻፈው በምዝገባው ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው።

ለዚህ ሥራ ትልቁ አጋዥ የጀልባዋን መግለጫ የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በእርሱ ላይ የጀልባዋ ስም፣ ሰንደቅ ዓላማዋ፣ የተመዘገበችበት ወደብ፣ የምዝገባ ቁጥሯ፣ የሬዲዮ መጠሪያዋ፣ ዘጠኝ አኃዝ ያለው የባሕር ሬዲዮ መለያ ቁጥሯ፣ ርዝመቷ፣ ስፋቷ፣ ከውኃ በታች ያላት ጥልቀት፣ ጠቅላላና የተጣራ ቶኔጅዋ፣ የተሠራችበት ዓመትና ቁስ፣ የዋናው ሞተር ዓይነትና ቁጥር፣ የትንሿ ማመላለሻ ጀልባና የሞተሯ ቁጥር፣ የባለቤቱ ሙሉ ስምና አድራሻ ይስፈሩ። ይህንን ገጽ በብዛት አትሞ ለሚጠይቅ ሁሉ መስጠት የሠራተኛውን ድካም ይቀንሳል፤ በድካም ውስጥ ሆኖ ቁጥር ከማዛባትም ያድናል።

ጀልባዋ በቅርቡ ተሸጣ ሰንደቅ ዓላማዋን ለውጣ ከሆነ ለሬዲዮው የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሬዲዮ መለያ ቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አገርን ስለሚያመለክቱ፣ ጀልባዋ በአዲስ ሰንደቅ ዓላማ እየተጓዘች የቀድሞውን ቁጥር የምታስተላልፍ ከሆነ በባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ስክሪን ላይ የሌላ አገር ጀልባ ሆና ትታያለች። በአደጋ ጊዜ በ406 ሜጋ ኸርዝ ምልክት የሚልከው መሣሪያም እንዲሁ በአዲሱ ባለቤትና በአዲሱ አገር ስም እንደገና መመዝገብ አለበት። ይህ ለወረቀት ብቻ ሳይሆን ለነፍስም የሚበጅ ነው፤ ፈላጊዎች መጀመሪያ የሚደውሉት በምዝገባው ላይ ወዳለው ስልክ ነውና።

ሰነዶቹ ሁሉ በሚያዙበት ክላሴር ውስጥ ከምዝገባው ቀጥሎ የባለቤትነት ማረጋገጫ ወይም የሽያጭ ውል፣ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ዋስትና የሚሰጥና የሚሸፍነውን የባሕር ክልል በግልጽ የሚጠቅስ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የጀልባዋ የሬዲዮ ፈቃድ፣ የኦፕሬተሩ የሬዲዮ ምስክር ወረቀትና የካፒቴኑ የብቃት ማረጋገጫ ይኑሩ። ጀልባዋ በኩባንያ ስም የተያዘች ወይም ከሌላ ሰው የተዋሱዋት ከሆነች ካፒቴኑ በተጠቀሱት አገሮችና ጊዜ እንዲነዳት የሚፈቅድ፣ በሕግ ፊት የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልጋል። ያለዚህ ሰነድ ባለቤቱ በሌለበት መግባት፣ የጀልባ ስርቆትና የኮንትሮባንድ ጥርጣሬን በራስ ላይ እንደ መጋበዝ ይቆጠራል። የሁሉም ሰነዶች ፎቶ ኮፒ በብዛት፣ ስካናቸው ደግሞ ጀልባው ላይ ባለ መሣሪያና ከጀልባው ውጭ በሆነ ቦታ ይቀመጥ። ዋናውን ሰነድ አይተው እንዲመልሱልዎ በትሕትና ይጠይቁ፤ አንዳንድ ወደቦች ግን ጀልባዋ እስክትወጣ ድረስ ዋናውን ይይዛሉ፣ በዚህ ጊዜ የተያዘውን ሰነድ የሚገልጽ ደረሰኝ መቀበል ተገቢ ነው። እንደ ኢንዶኔዥያ ባሉ ማኅተም በሚከበርባቸው አገሮች የጀልባዋን ስምና የምዝገባ ቁጥር የያዘ የራስ ማኅተም ማዘጋጀት ሥራውን በሚያስገርም ሁኔታ ያፈጥነዋል።

የባሕረኞች ዝርዝር ላይ ስም የሚጻፈው በፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው የላቲን ፊደል አጻጻፍና ቅደም ተከተል ብቻ ነው። በቀን ረገድም አንዳንድ አገሮች ወሩን ከቀኑ ስለሚያስቀድሙ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ከስሕተት ይጠብቃል። ካፒቴኑ ራሱም በዝርዝሩ ውስጥ ይገባል፤ በጀልባዋ ላይ ያሉ የቤተሰብ አባላትና ወዳጆችም በአብዛኛው የሚጻፉት እንደ ባሕረኛ ነው። ገንዘብ ከፍለው የሚጓዙ ሰዎች ካሉ ጀልባዋ የግል መሆኗ ቀርቶ የንግድ ትሆናለች፤ የሚከተለው ሕግም ፈጽሞ ሌላ ነው።

ከመድረስ በፊት የሚያልቅ ሥራ

የሰዎቹ የቆይታ ጊዜና የጀልባዋ የቆይታ ጊዜ በተለያየ ሰዓት እንደሚቆጠር አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። ለዚህ የአውሮፓ ኅብረት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ነዋሪነቱ ከኅብረቱ ውጭ የሆነ ሰው ከኅብረቱ ውጭ የተመዘገበች ጀልባውን ቀረጥና ታክስ ሳይከፍል ለ18 ወራት በጊዜያዊነት ማስገባት ይችላል፣ እርሱ ራሱ ግን ቪዛ የማይጠየቅ ቢሆን እንኳ በሼንገን ክልል (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ባስቀሩ የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ መቆየት የሚችለው በየ180 ቀናት ውስጥ 90 ቀናት ብቻ ነው። የጀልባዋ ጊዜ ገና ሳያልቅ የባለቤቷ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። በአሜሪካ ደግሞ በአውሮፕላን ያለ ቪዛ እንዲገባ የሚፈቀድለት የአንዳንድ አገር ዜጋ በግል ጀልባ ሲደርስ ቪዛ ይጠየቃል፤ ከቪዛ ነፃ የሆነው አሠራር የሚሠራው ስምምነት በፈረሙ አጓጓዦች ለሚመጡ መንገደኞች ብቻ ነውና። ይህንን ወደቡ ላይ ደርሶ ማወቅ እጅግ ውድ ትምህርት ነው።

የቅድሚያ ማሳወቂያም እንዲሁ በሕግ የተገደበ ነው። አውስትራሊያ ከመድረስ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ኒው ዚላንድ ቢያንስ 48 ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲነገራት ትጠይቃለች። በኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የጀልባዋ የታችኛው አካል ከተጣበቁ የባሕር ፍጥረታት የጸዳ መሆኑም በማስረጃ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ጽዳቱ የተደረገበትን ደረሰኝና ከውኃ በታች የተነሡ፣ ቀናቸው የሚታይ ፎቶግራፎችን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በየትኛውም አገር ቢሆን መጀመሪያ የሚገባው መንግሥት የመግቢያ ወደብ ብሎ ወደሰየመው ስፍራ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በመንገድ ላይ ባለ ውብ ወሽመጥ መልሕቅ ጥሎ ማደር፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ባይወርዱም እንኳ፣ በብዙ አገር ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. የ1982 የባሕር ሕግ ስምምነት በአንድ አገር የባሕር ክልል ውስጥ በሰላም የማለፍ መብት ይሰጣል፤ መብቱ ግን ሳያቋርጡና ሳይዘገዩ ለሚያልፉ ነው፣ መቆም የሚፈቀደው ለተለመደ የመርከብ ጉዞ አስፈላጊ ሲሆን ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ችግርና አደጋ ሲያጋጥም ነው። ማዕበል ወይም የሞተር ብልሽት አስገድዶ ካስቆመ ወዲያውኑ በቪኤችኤፍ ሬዲዮ ቻናል 16 ማሳወቅ፣ ያሳወቁበትን ሰዓት፣ ያሉበትን ስፍራና የተሰጠውን መልስ በጉዞ መዝገቡ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። በኋላ ጥያቄ ቢነሣ የሚከራከርልዎ ያ መዝገብ ነው።

ስለ አሠራሩ ከሌሎች ባሕረኞች የሚገኘው ወሬ ስለ ቢሮው አቀማመጥና ስለ ሥራ ሰዓቱ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ስለ ሕጉና ስለ ክፍያው ግን በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከአገሩ ይፋዊ ገጽ ላይ ማረጋገጥና ገጹን ከነቀኑ አትሞ መያዝ ይገባል። በቅዳሜ፣ በእሑድ፣ በበዓልና ከሥራ ሰዓት ውጭ መድረስ በብዙ ወደቦች ተጨማሪ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስለሚያስከትል፣ ነፋሱ ከፈቀደ፣ ፍጥነትን አስተካክሎ በሥራ ቀን ጠዋት መግባት ይመረጣል።

በደረሱበት ቀን

ወደ አገሩ የባሕር ክልል ሲገቡ በምሰሶው የቀኝ ክንፍ ሥር ቢጫው ባንዲራ ይሰቀላል። ይህ ባንዲራ በዓለም አቀፉ የምልክቶች ደንብ መሠረት «በጀልባዬ ላይ ያሉት ሁሉ ጤነኞች ናቸው፤ የመግቢያ ፈቃድ እጠይቃለሁ» ማለት ነው። ሥርዓቱ እስኪያልቅ አይወርድም፤ ሲያልቅ በእርሱ ቦታ የአስተናጋጁ አገር ባንዲራ ይሰቀላል። የአስተናጋጁ አገር ባንዲራ የተቀደደ፣ የደበዘዘ ወይም የተገለበጠ እንዳይሆን አደራ እላለሁ፤ ለባለቤቱ ቁራጭ ጨርቅ ቢመስለውም ለዚያ አገር ሰው ክብር ነው፣ በዚህ ምክንያት የከረረ ቅሬታና ቅጣት የተከተለባቸው ወደቦችም አሉ።

ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ ከጀልባዋ የሚወርደው ካፒቴኑ ብቻ ነው፤ እርሱም እንዲወርድ ሲፈቀድለት ነው። ከሌላ ጀልባ ጋር መጠጋት፣ ቆሻሻ ማውረድ፣ ውሻን በባሕሩ ዳርቻ ማንሸራሸር ሁሉ ይቆይ። ካፒቴኑ ወደ ቢሮ ሲሄድ ንጹሕ ሸሚዝና ሱሪ ለብሶ፣ ጫማ አድርጎ፣ የፀሐይ መነጽሩን አውልቆ፣ ክላሴሩን፣ እስክሪብቶውንና የአገሩን ገንዘብ በዝርዝር ይዞ ይሂድ። አስቀድሞ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ወረቀት፤ በመስኮቱ ላይ ሰነዶቹን ከመዘርገፍ ይልቅ የተጠየቀውን ብቻ በተጠየቀው ቅደም ተከተል መስጠት የተሻለ ነው። ተጨማሪ ሰነድ ተጨማሪ ጥያቄ ይወልዳልና። ለቀረበው ጥያቄ እውነተኛና አጭር መልስ ይስጡ፤ ያልገባዎትን ጥያቄ በግምት አይመልሱ። ፎርም ላይ የማይመለከትዎ ቦታ ካለ ባዶ ከመተው «የለም» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ሠራተኞቹ ወደ ጀልባዋ ለፍተሻ ሲመጡ የሚመጡት ብዙ ጊዜ በከባድ የብረት ጀልባ ስለሆነ የጎን መከላከያ ፊኛዎችን በዚያ በኩል በብዛት ማንጠልጠል፣ መወጣጫውንም ማመቻቸት ያስፈልጋል። ጫማ እንዲያወልቁ ማስገደድ አይገባም፤ በወለሉ ላይ አሮጌ ፎጣ ማንጠፍ ይበቃል። ፈታሾቹ ሁለት ከሆኑና በተለያየ ክፍል መፈተሽ ከጀመሩ እያንዳንዳቸውን አንድ የጀልባዋ ሰው ያጅባቸው፤ ይህ ሁለቱንም ወገን ከሐሜት ይጠብቃል። ቁም ሣጥኖችንና የወለል ክዳኖችን ራሳችሁ ክፈቱላቸው። ውኃ ወይም ለስላሳ መጠጥ ማቅረብ መልካም አስተናጋጅነት ነው፤ አልኮልና ሲጋራ ግን አይቅረብ።

ስለ ጤናው ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ2005ቱ ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ውስጥ የሚገኘው የባሕር ጤና መግለጫ በጉዞው ላይ የታመመ ሰው እንደነበር፣ የታመመ እንስሳ እንዳለና የመሳሰሉትን ይጠይቃል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከበሽታው አካባቢ ለሚመጣ ይጠየቃል፤ ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የሚገለጽና የማይደበቅ

በጉምሩክ ፊት እጅግ የከፋው ነገር ዕቃው መኖሩ ሳይሆን ሳይገለጽ መገኘቱ ነው። የጦር መሣሪያ ያለ ምንም ማመንታት፣ ቁጥሩና የጥይቱ ብዛት ተጠቅሶ ይገለጻል፤ በብዙ አገር ባለሥልጣናቱ ወስደው በሚወጡበት ቀን ይመልሱታል፣ ተደብቆ ከተገኘ ግን እስራትንና የጀልባዋን መወረስ ያመጣል። በእኔ አስተያየት ለባሕር ጉዞ መሣሪያ ይዞ መዞር ከሚሰጠው ደኅንነት ይልቅ የሚያመጣው ጣጣ ይበልጣል። የዓሣ ማጥመጃ ጠመንጃ በአንዳንድ አገር እንደ ጦር መሣሪያ ይቆጠራል። ብዙዎች የማይጠረጥሯቸው ዕቃዎችም አሉ፤ ሕንድ ያለ ፈቃድ የሳተላይት ስልክ መያዝን ትከለክላለች፣ ሞሮኮም ድሮን እንዲገባ አትፈቅድም።

የመድኃኒት ሣጥኑ የተለየ ትኩረት ይሻል። ለረጅም ጉዞ የሚያዙ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች፣ ለምሳሌ ትራማዶል፣ እንደ ግብፅ ባሉ አገሮች በጥብቅ የሚቆጣጠሯቸው ናቸው። ስለዚህ የሐኪም ማዘዣና የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፣ መጠንና ብዛት ለጀልባዋ የሕክምና ሣጥን መሆኑን ጠቅሶ የሚገልጽ ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አብሮ ይቀመጥ፤ መድኃኒቱም ከመጀመሪያው ማሸጊያ አይውጣ። መጠጥና ሲጋራ ከተፈቀደው መጠን በላይ ከሆነ ጉምሩክ አንዱን ቁም ሣጥን ዘግቶ ሊያሽገው ይችላል፤ ማሸጊያውን እስከሚወጡበት ቀን ድረስ አለመንካት ግዴታ ነው። ትኩስ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ማርና ዘር ወደ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ሲገቡ የሚወረሱ ስለሆኑ በመጨረሻዎቹ የጉዞ ቀናት መጠቀም ይገባል።

ክፍያ፣ ደረሰኝና ያልተገባ ጥያቄ

ሕጋዊ ክፍያ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ከጉቦ ይለያል። መለያው የተለጠፈ ታሪፍና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ነው። ያለ ደረሰኝ ገንዘብ ከተጠየቁ ድምፅን ከፍ ሳያደርጉ፣ ክስም ሳያሰሙ፣ «የጀልባዋ ሒሳብ ስለሚመረመር ደረሰኝ ያስፈልገኛል» ማለት ብዙውን ጊዜ ነገሩን ያበቃዋል። ካልሆነም ታሪፉን በጽሑፍ ለማየት መጠየቅ፣ ከዚያም ወንበር ስቦ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ራስን ቸኩሎ እንደሚሄድ ሰው ማሳየት የጥያቄውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል። ጉቦን ከራስ በኩል ማቅረብ ግን በፍጹም አይገባም፤ ወንጀል ከመሆኑ በላይ ከኋላ ለሚመጣው ጀልባ ሁሉ ዋጋ ይተክላል፣ በቅንነት ለሚሠራው ሠራተኛም ስድብ ነው፤ እንዲህ ያሉት ደግሞ ብዙዎች ናቸው።

ወኪል መቅጠር በአንዳንድ ቦታ ግዴታ፣ በሌላው ምርጫ ነው። ቢሮዎቹ በተራራቁበት ወይም ቋንቋው በማይታወቅበት ወደብ ክፍያው ይገባዋል። ከመቅጠር በፊት የወኪሉን ዋጋና የመንግሥትን ክፍያ ለየብቻ በጽሑፍ ማስቀመጥ፣ ሲያልቅም የመንግሥቱን ደረሰኞች ዋናውን መቀበል ያስፈልጋል።

ሰው ሲለወጥና ጀልባ ስትወጣ

ካፒቴኑ አብረውት ለገቡ ሰዎች በኢሚግሬሽን ፊት ተጠያቂ ነው። አንድ ባሕረኛ ከጀልባዋ ለመውረድ ሲፈልግ ሁለቱም ቢሮ ሄደው ስሙን ከዝርዝሩ ማስወጣት ይኖርባቸዋል፤ ወራጁ ከአገሩ የሚወጣበትን ትኬት እንዲያሳይ ይጠየቃል፣ ካላሳየ ወጪው በካፒቴኑ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሊሳፈር በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ደግሞ የመመለሻ ትኬት ስለሌለው አየር መንገዱ ሊከለክለው ስለሚችል፣ የጀልባዋን መግለጫ፣ የምትገኝበትን ወደብ፣ የመነሻ ቀኗንና የሰውየውን የፓስፖርት ቁጥር የያዘ የካፒቴን ደብዳቤ ከምዝገባው ቅጂ ጋር አስቀድሞ ይላክለት። አስቀድሞ ኢሚግሬሽንን ጠይቆ ደብዳቤውን ማስታተም የሚቻል ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

በመውጫ ጊዜ የሚሰጠው የወደብ ክሊራንስ (የመውጫ ፈቃድ ወረቀት)፣ በስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ሳርፔ የሚባለው፣ ከሁሉም ወረቀት የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ ቀጣዩ አገር መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነውና። ያለ እርሱ የደረሰ ጀልባ ከየት እንደመጣ ማስረጃ የለውም፣ ተመለስ ሊባልም ይችላል። ስለዚህ ከቢሮው ከመውጣት በፊት የጀልባዋ ስም፣ የምዝገባ ቁጥሯ፣ የሰዎቹ ብዛትና ስም፣ ቀኑና ቀጣዩ ወደብ በትክክል መጻፋቸውን እዚያው ቆሞ ማንበብ፣ የእያንዳንዱ ፓስፖርት የመውጫ ማኅተም መኖሩንም መመልከት ያስፈልጋል። ክሊራንስ ከተሰጠ በኋላ ብዙ አገሮች በ24 ሰዓት ውስጥ መውጣትን ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ የአየር ትንበያው ሳይረጋገጥ ወረቀቱን ማውጣት አይመከርም። የአየሩ ሁኔታ ከተበላሸና መቆየት ካስፈለገ ተደብቆ ከመቅረት ወደ ቢሮው ተመልሶ ማስረዳትና ማራዘሚያ መጠየቅ ይገባል፤ አብዛኞቹ የወደብ ሰዎች ባሕርን ስለሚያውቁ በማዕበል ውጣ አይሉም። በመንገድ ላይ ነፋስ አስገድዶ በክሊራንሱ ከተጻፈው ወደብ ሌላ ወደ ሆነ ወደብ ከገቡ ደግሞ የአቅጣጫ ለውጡን ምክንያት፣ ሰዓቱንና የነበሩበትን ነጥብ በጉዞ መዝገቡ ላይ አስፍረው መዝገቡን ከክሊራንሱ ጋር በአንድነት ያቅርቡ።